አሥረኛዋ ዘፈን

ቦንጋ ላይ ዘፈን ሲቀረጽ አዛዡ ዝናብ ነው። ሌላ አገር ዘፋኝና አቀናባሪ ተጣሉ ሲባል እንሰማለን፤ እዚህ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ሆነው ወደ ሰማይ ነው የሚያንጋጥጡት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ሰማዩ አይታመንም። ዘፋኟ አፏን ስትከፍት ያወርደዋል፣ ተስፋ ቆርጣ ስትነሳ ያባራል። እንግዲህ ይሄንን ከማን ጋር ይካሰሱታል?

ፎቶ አንሺው ሰሚር "ስቱዲዮ" የሚላት ክፍል ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረች ጠባብ ቤት ናት። ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ለብጦታል። ኮርኒሱ ላይ ደግሞ የቡና ገለባ የሞላ ጆንያ ደርድሮ፣ በላዩ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ነስንሶበታል። ለካፊያ ይበቃል። ደህና ዝናብ ከመጣ ግን ገለባውም ቅጠሉም ወሬ ነው፤ ማይኩ የሚሰማው ቆርቆሮውን ብቻ ነው።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ወሰንየለሽ እዚያች ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ፣ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። ዝምታዋ የኩራት አይደለም። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት ዓመት በዓመት እያበጠ መጥቶ፣ አሁን አሁን ጋደም ስትል ትንፋሿን ይይዛታል። የጅማው ሐኪም የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና "ይሄ መውጣት አለበት" አላት። የጎዳት ቀጥሎ የተናገረው ነው። የድምፅ ነርቭ የሚያልፈው በዚያው በኩል ስለሆነ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ድምፅዋ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል። ጨርሶም ላይመለስ ይችላል። እስከዚያው አትጩኺ፣ ብዙ አታውሪ፣ ቆጥቢው አላት። ቀጠሮዋ የፊታችን ሰኞ ነው።

ስለዚህ ትቆጥባለች። ጸሐፊ ሆና በምትሠራበት ቢሮ ሰላምታዋ በራስ ንቅናቄ ሆኗል። ገበያ ስትወጣ በጣቷ ነው የምትከራከረው። "ዘፋኝ ልትሆን ነው መሰለኝ ኮራችብን!" ይላሉ ሰፈርተኞቹ። ይበሏ! እሷ ድምፅዋን ያስቀመጠችው ለአሥር ዘፈኖች ነው። ዘጠኙ ተቀርጸው አልቀዋል። አንዷ ቀርታለች፤ እሷንም ይሄ የተረገመ ዝናብ ይዟት ሳምንቱ ተጋመሰ። ሰኞ ሳይመጣ ያቺን ዘፈን ካስገባች፣ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የፈለገውን ያድርግ። ካላስገባች ግን ምናልባት መቼም አታስገባትም። ነገሩ ይኸው ነው።

አልበሙን የጀመረው ሰሚር ነው ቢባልም፣ የነገሩ ጠንሳሽ ጋሽ ኃይለመስቀል ናቸው። ጋሽ ኃይለመስቀል ድሮ ጅማ፣ በክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ውስጥ ሳክስፎን ይነፉ ነበር። ዛሬ ጡረታ ወጥተው ቦንጋ ተቀምጠዋል። ወሰንየለሽም የዚያው ቡድን ዘፋኝ ነበረች። ቴአትር ሲታይ የቴአትሩን ዘፈን፣ የዳንስ ግብዣ ሲሆን ደግሞ አገር ሁሉ የሚያውቃቸውን የፍቅር ዘፈኖች በጃዝ አድርጋ ትዘፍናለች። አዘፋፈኗ ለየት ያለ ነው። ምቱን አትቀድመውም፣ እኩልም አትሄድም፤ ከኋላው ትከተለዋለች። ባንዱ ደርሶ ሲጠብቃት፣ እሷ ቃሉን እየጎተተች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ዘግየት ብላ ትገባለች። "ይቺ ልጅ አንድ ቀን አውቶቡስ ታስመልጠናለች" ይሉ ነበር ጋሽ ኃይለመስቀል፣ እየሳቁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሠርግ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ጠጁ ሞቅ ሲያደርጋቸው ሽማግሌው ድንገት ተቆጡ። "አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን እንኳ ተቀርጸሽ አታውቂም እኮ! ያን ሁሉ ዘፍነሽ አንድ የካሴት ክር የለሽም። ስንሞት ምን ሊቀር ነው?" ሰሚር የሠርጉን ቪዲዮ እያነሳ ነበርና ሰማ። ከዚያ ወዲህ ማን ያስቀምጣቸው!

ሰሚር የኮምፒውተር ልጅ ነው። የመጀመሪያ ቀን ኪቦርዱን ለብቻው ቀርጾ፣ ሄድፎን ጆሮዋ ላይ አድርጎ "ይግቡበት እትዬ ወሰን" ሲላት፣ እንደ ልማዷ ዘግይታ ገባች። እሱ ደግሞ ተሳስታለች ብሎ፣ ስክሪኑ ላይ ድምፅዋን በማውስ እየጎተተ ከምቱ ጋር እኩል አደረገላት። ስታዳምጠው ሳቅ አፈናት።

"ይቺ ማናት? አስቸኳይ ጉዳይ ያላት ትመስላለች።"

ጋሽ ኃይለመስቀል ግን አልሳቁም። "አንተ ልጅ፣ ሰው በራሱ እግር ይሂድበት፣ አትገፍትረው!" ብለው ጮኹበት። ሰሚር እጁን ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ዘፈኖቹ እንደ እሷ አካሄድ እያዘገሙ፣ አንድ በአንድ ገቡ። አንዳንዱን ቀን መብራት ሄዶ፣ አንዳንዱን ቀን የጋሽ ኃይለመስቀል ሰው ሠራሽ ጥርስ አልይዝ ብሎ፣ ብዙውን ቀን ደግሞ በዝናብ እየቆመ፣ ብቻ ገቡ።

የቀረችው ዘፈን የአንድ ቴአትር መዝጊያ ናት። ነጋዴ ባሏ ከወንዝ ማዶ የቀረባት ሴት በር ላይ ቆማ የምትዘፍናት። ወሰንየለሽ ለመጨረሻ ያቆየቻት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቂም አላት። የቀድሞ ባሏ አምባው ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ይችኑ ስትዘፍን ነው። አምባው የዋጫ ከተማ ቡና ነጋዴ ነበር። ቡና ሊያስረክብ ጅማ ሄዶ፣ ቴአትር ቤት ገብቶ፣ ይችን ዘፈን ሰማና ጅማን አልለቅም አለ። ሽማግሌ ላከ፣ አገባት፣ ዋጫ ወሰዳት። ከዚያ "የኔ ሚስት መድረክ ላይ አትወጣም" ብሎ እርፍ! በድምፅዋ ወድዷት የወሰዳት ሰውዬ ድምፅዋን ዘጋው፤ ይሄንን የሚረዳ ካለ ይረዳ። መድረኩስ ይቅር፣ ወጥ ስትሠራ እንኳ ካንጎራጎረች "ጎረቤት ይሰማል" ይላል። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ኋላ ከቢታ ገነት ሌላ ወጣት ሚስት አመጣባት። ወሰንየለሽ ሕፃን ልጇን ማዕረግን አዝላ ቦንጋ ገባች። ያኔ መንግሥት ተለውጦ የኪነት ቡድኑም ተበትኗል፤ ባንድ የለ፣ መድረክ የለ። ጽሕፈት ተማረች፣ ልጅ አሳደገች፣ ዕድሜዋ ሄደ።

ዝናቡ ድንገት ተወ። ሰሚር ጣቱን ወደ ኮርኒሱ ቀስሮ አዳመጠ።

"አባራ! እትዬ ወሰን፣ ይነሱ፣ ይነሱ! ጋሼ፣ ይዘጋጁ!"

ወሰንየለሽ ሻርፑን ፈታች። ሄድፎኑን ስታጠልቅ ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ሰሚር የሁሉንም ስልክ ያስዘጋል፤ የእሷን ግን አላስዘጋም፤ ምክንያቱም ማዕረግ አባቷ ታሞ ልታስታምመው ዋጫ ከሄደች ሰንብታለች። ሚስት ተብላ የመጣችው ልጅ ሁለት ዓመት ሳትቆይ ትታው ወደ አገሯ ተመልሳለች። ሰውዬው ሌላ ሰው አልነበረውም።

"እማዬ..." አለች ማዕረግ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ለቅሶ ብቻ ነው።

ወሰንየለሽ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። "እሺ የኔ እናት፣ መጣሁ" አለች በሹክሹክታ፣ ዘጋችው። ሁለቱም ያዩዋታል።

"አምባው ሞተ" አለቻቸው።

ጋሽ ኃይለመስቀል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰሚር ልጅ ነውና ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው ወደ ኮርኒሱ ነው። "እትዬ... እግዜር ያጥናዎት። ግን እኮ ዝናቡ ቆሟል። አምስት ደቂቃ ናት። ቀርጸው ቢሄዱስ? ደግሞም ባልዎ መሆናቸው ከቀረ ስንት ዘመኑ ነው!"

"መርዶ በሰማሁበት ጆሮ?" አለችና ሄድፎኑን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ተው አንተ፣ ይሄ አይደረግም" አሉ ሽማግሌው። "የልጇ አባት ነው።" ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። "ግን ወሰን፣ ስሚኝማ። ሂጂ፣ ቅበሪ። ድምፅ አውጥተሽ ግን አታልቅሺ። ቁጭ ብለሽ እንባሽን አፍስሺ፣ ማንም አይቀየምሽም። ቅዳሜ ትመለሻለሽ፣ እንቀርጻለን፣ ሰኞ ጅማ ትሄጃለሽ። እሺ በይኝ።"

"ለአምባው ነው እንዴ የምጮኸው?" አለች ወሰንየለሽ። ንዴቱ ራሷንም ገረማት። "ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በይ ሲለኝ ኖሯል። ዛሬም ዝም እለዋለሁ። ይድላው!"

ወደ ዋጫ የሚሄደው ሚኒባስ ጭቃው ላይ እየዋለለ፣ ወንዶቹ እየወረዱ እየገፉት ነው የሄደው። ወሰንየለሽ መስኮት ጥግ ተቀምጣ ማልቀስ ሞከረች፤ እንባ የለም። ያለው ድካም ነው። ዝናቡ አድክሟታል፣ እንቅርቱ አድክሟታል፣ ሰኞን መጠበቅ አድክሟታል፣ አሁን ደግሞ ሰውዬው። ጊዜ ሲመርጥ! ምናለ አንድ ሳምንት ቢታገሥ? አንዲት ዘፈን፣ አንዲት! እሷን እንኳ ሳያስጨርሰኝ ሄደ ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ በሞተ ሰው ላይ እንዲህ በማሰቧ አፈረች። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ሻርፑን አይታ "ጉንፋን ነው?" አለቻት። ወሰንየለሽ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ እስከ ዋጫ ድረስ ማንም አላናገራትም፤ ደግ አደረጉ።

ግቢው ውስጥ የእድሩ ሸራ ተወጥሯል። ወንዶቹ አግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ የተጎዘጎዘ ሣር ላይ ተቀምጠዋል። ካፊያው ሸራው ላይ ይንጠባጠባል። ሰው አለ፣ ለቅሶ ግን የለም። አምባው በሕይወት ሳለ ያልተጣላው ሰው ማን ነው? ጎረቤቱን በድንበር፣ የእህቱን ልጆች በቡና መሬት፣ የደብሩን አስተዳዳሪ ሳይቀር በአጥር። የመጣው ሁሉ ይሉኝታ ይዞት የመጣ ነው። ስለ መንገዱ መበላሸት ያወራሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አክብሮት ለማስመሰል።

በዚያ አገር አስከሬን ከቤት ሲወጣ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የሟቹን ሥራ በካፊኖኖ፣ በካፋው ቋንቋ፣ እየጠራ ሙሾ ያወርዳል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። የሚጠራው ከሟቹ ጋር የኖረ፣ ጓዳውን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። የአምባው እናት ቀድማው ሞታለች። ታላቅ እህቱ እትዬ አልጣሽ አስም ይዟቸው ጮኸው የሚጠሩበት ትንፋሽ የላቸውም። ስለዚህ አምባው ስሙ ሳይጠራ ሊወጣ ነው። ለጠላት እንኳ የሚመኙት ነገር አይደለም።

እትዬ አልጣሽ ወሰንየለሽን እንዳዩ ከተቀመጡበት ተነሱ።

"መጣሽ? ታዲያ ተነሺ እንጂ! አንቺ እያለሽ ወንድሜ በዝምታ ሊወጣ ነው?"

ወሰንየለሽ ሻርፑን በእጇ ነካች። "ሐኪም ከልክሎኛል እትዬ" አለች በሹክሹክታ።

"ሐኪም!" አሉ ሴትዮዋ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው። "ቦንጋ ለማሽን ስትዘፍኚ... ሐኪሙ የት ነበር?"

ሰው ሁሉ ሰማ። ለካ ዋጫም ደርሷል ወሬው! ወሰንየለሽ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ማዕረግ መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች፤ ፊቷ አብጧል፣ ለብዙ ቀን ያልተኛች ትመስላለች። "እማዬ፣ እንዳትሰሚያቸው" አለቻት ጆሮዋ ሥር። "ለኔ ብለሽ ዝም በይ። ሰኞን አስቢ። እሱም ቢሆን ይገባዋል።"

እሱም ቢሆን ይገባዋል! አምባው የሰው ነገር ገብቶት ያውቃል እንዴ?

ቄሶቹ ፍትሐቱን ጨረሱ። ሳጥኑን አንሥተው ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ቆመ። ማንም አልተናገረም። አንድ ሽማግሌ ወደ ሴቶቹ ዞር ብሎ ተመለከተ፣ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚህን ጊዜ ማዕረግ ድንገት ከመካከል ወጥታ ሳጥኑ ፊት ቆመች።

"አባዬ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ በካፊኖኖ ጀመረች። ቦንጋ፣ በአማርኛ ያደገች ልጅ ናት፤ ገበያ ላይ ትግባባበታለች እንጂ ሙሾ አታውቅበትም። በሌላ ሰው ለቅሶ የሰማችውን መነሻ አወጣች፣ መሃል ላይ ቃሉ ጠፋባት፣ በማይቆምበት ቦታ ቆመች። ተቀባዮቹ የት እንደሚገቡ ግራ ገባቸው። ዝም አሉ። እንደገና ጀመረች። አሁንም ዝም። ከኋላ ከወጣቶቹ መካከል አንዱ ሳቁን በሳል አስመሰለው። ሌላው "በአማርኛ ትበለው በቃ" አለ። ማዕረግ እጆቿን ወደ ላይ እንዳነሳች፣ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ወሰንየለሽ ያንን ዝምታ ታውቀዋለች። ዘፋኝ ገብቶ ባንዱ ሳይገባለት ሲቀር የሚመጣው ዝምታ ነው፤ መብራቱ ፊትህ ላይ፣ ሕዝቡ ፊት ለፊትህ፣ አንተ ብቻህን። በሕይወቷ የሰው ክፉ ብዙ አይታለች፣ ችላዋለች። መድረክ ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ማየት ግን አትችልም። ደግሞ ልጇን! አምባውን አላሰበችም፣ ሰኞንም አላሰበችም። ሻርፑን ፈትታ ጣለችና፣ ማዕረግ በተወችው ቃል ላይ፣ ዘግየት ብላ ገባች።

መጀመሪያ ለልጇ ብላ ነው የገባችው። ቃሉን አንሥታ፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ አቆመችና ለተቀባዮቹ ሰጠቻቸው። ሴቶቹ እንደ አንድ ሰው ተቀበሏት። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ከእጇ ወጣ። መድረክ ላይ ዕድሜዋን በአማርኛ ነው የዘፈነችው፤ ይሄ ግን በእናቷ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ እየፈሰሰ ይመጣል። ድንበር ገፊው አለችው። ነገረኛው፣ እልኸኛው፣ ከአጥር ጋር የሚጣላው አለችው። ሰዉ በለቅሶ መሃል ፈገግ አለ፤ እውነቷን ነዋ! ቡናውን ለብቻው የሚለቅመው፣ ከብቱን በስም የሚጠራው አለችው። ማዕረግን አርግዛ ወንዙ ሞልቶ፣ ነጋዴው ሁሉ ማዶ ሲቀር፣ እሷን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ውሃው ደረቱ ላይ እየደረሰ ያሻገራትን ቀን ጠራች። ያን ቀን ረስታው ነበር። እንዴት ይረሳል? አፌን የዘጋኸው፣ አለችው፣ ዛሬ ተከፍቶልሃልና ስማ። ቤቴን ያፈረስከው፣ የልጄ አባት፣ ስማ።

እትዬ አልጣሽ ሣሩ ላይ ተደፉ። ስለ መንገድ ሲያወሩ የነበሩት ወንዶች ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ያ በሳል የሳቀው ልጅ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። ወሰንየለሽ ከሳጥኑ ፊት ፊት እየሄደች፣ ከግቢው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አላቋረጠችም። ጉሮሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ሲቀደድ ተሰማት፤ አወቀችው፣ ምን እንደሆነም አወቀች። ማዕረግ ክንዷን ይዛ "ይበቃል እማዬ፣ ይበቃል" ትላታለች። አልበቃትም። ትወደው ነበር፤ ጉዱ ይሄ ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ጠልቼዋለሁ ስትል ኖራ፣ ለካ ትወደው ነበር። አፈሩ ሲመለስ ድምፅዋ አልቆ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ቅዳሜ ቦንጋ ላይ ፀሐይ ወጣች። ደመና የለም፣ መብራት አለ፣ የጋሽ ኃይለመስቀል ጥርስ እንኳ ሰላም ነው። ወሰንየለሽ ስቱዲዮ ገባችና ማንንም ሳታናግር ሄድፎኑን አጠለቀች። ኪቦርዱ ጀመረ። ሳክስፎኑ ገባ። ተራዋ ሲደርስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ነው። ሰሚር ወደ ኋላ መለሰው። እንደገና ሞከረች። በር ሲጎተት የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ወጣና ተቆረጠ።

"ጮኽሽ አይደል?" አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል።

"ጮኽኩ" አለች፤ እሱም በደንብ አልተሰማም።

ሽማግሌው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ፊቷን አዩና ተዉት። ወሰንየለሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። የዋጫው ሌላ ነው፤ ይሄኛው ለዘፈኗ ነው። ሐዘኗ ያለ ቅርጽ፣ ያለ ዜማ፣ ዝም ብሎ የሚወርድ እንባ ነበር። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰላምታ እየነፈገች ያስቀመጠችውን ድምፅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰችው። ሰኞ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ሰሚር ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። አንድ ነገር ሊናገር ፈልጎ ያፈረ ይመስላል።

"እትዬ ወሰን፣ እንዳይቆጡኝ" አለ በመጨረሻ። "ዋጫ ለቅሶው ላይ አንድ ልጅ በሞባይል ቀርጾታል። በብሉቱዝ ከሰው ወደ ሰው እየሄደ፣ ከእርስዎ ቀድሞ እዚህ ገብቷል። እኔም... ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። የዝናቡን ድምፅ ትንሽ ቀነስኩለት።"

ጠቅ አደረገው። መጀመሪያ የሸራው ጠብታ ይሰማል። ከዚያ የማዕረግ የተሰበረ ጥሪ። ከዚያ ያ ዝምታ። ከዚያ የእሷ ድምፅ ገባ። ወሰንየለሽ የራሷ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደባት፤ በዘጠኙ ዘፈን ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ የለም፤ ጅማም በልጅነቷ አልነበራትም። ቃሉን ስትጎትተው ሕዝቡ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃታል፤ ስትለቀው አብሮ ይወድቃል። ሦስቱም እስከ መጨረሻው ድረስ ሳይንቀሳቀሱ አዳመጡ።

ጋሽ ኃይለመስቀል ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "እንዲህ ዘፍነሽ አታውቂም" አሉ። "ከእግዜር በታች እኔ ምስክር ነኝ፣ አታውቂም።"

"አሥረኛዋ ይቺ ናት!" አለ ሰሚር፣ ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። "ጋሼ ከሥር ቀስ ብለው ይነፉባታል፣ እኔ አጸዳታለሁ። እትዬ፣ አልበሙን የምታስነሳው ይቺ ናት፤ ሌሎቹ ዘጠኙ ምንም አይደሉም ማለቴ ሳይሆን... ማለት..."

"አይሆንም" አለች ወሰንየለሽ።

"ለምን?"

"የአምባው ነው።"

"እሳቸው እኮ ሞተዋል!"

"ቢሞትም የሱ ነው።"

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳቡ። "ወሰን፣ ረጋ ብለሽ አስቢበት። ሰኞ የሚሆነው አይታወቅም። ምናልባት የመጨረሻሽ ይሄ ነው። ሰውዬው ያንን ሁሉ ዘመን ወሰደብሽ፤ ይሄንን ደግሞ ጨምረሽ ልትሰጪው ነው?"

ወሰንየለሽን ጉሮሮዋ ያማታል፣ ሰውነቷ ሁሉ ዝሏል፣ መተኛት ነው የምትፈልገው። ድምፅዋ እንዲሰማቸው በእጇ ምልክት ጠራቻቸውና ሁለቱም ጠጋ አሉላት።

"ማታ ማታ በር ዘግቶ፣ 'እስቲ ለኔ ብቻ ዝፈኚልኝ' ይለኝ ነበር" አለች። "ይለምነኝ ነበር፣ ያ ኩሩ ሰውዬ። እኔም በእልህ አንድ ቀን ዘፍኜለት አላውቅም። ለሕዝብ ከከለከልከኝ አንተም አትሰማትም ብዬ። ሞቶ ሰማኝ። ይቺን አንዷን ለሱ ዘፈንኩለት፤ መልሼ ለገበያ አላወጣበትም።"

ሰሚር አንገቱን ደፋ። "ሰው ስልክ ላይ ያለውን እኮ ማጥፋት አንችልም" አለ ቀስ ብሎ።

"እነሱ ያውቃሉ። እኔ ሰጥቻቸው እንዳይሆን ብቻ ነው።" ሻርፑን አንገቷ ላይ ጠመጠመች። "አልበሙ በዘጠኝ ይውጣ። አሁን ደክሞኛል ሰሚር፣ የጫንከውን አጥፋው።"

ሰሚር ማውሱን ይዞ ጋሽ ኃይለመስቀልን አየ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰሚር አጠፋው።